ጋሼ ዘለቀ አጥሚቱን እስኪጠጣ

ተረት ላወራ ነው፤ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ የሚተኛ ካለም ሳልጀምር ይተኛ።

ስንቅነሽ የምትባል አሮጊት ነበረች። የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነው፦ የታመመው ታላቅ ወንድሟ ዘለቀ አንድ ኩባያ አጥሚት እንዲጠጣላት። ክረምቱን ሙሉ አልጋ ላይ ከርሟል፤ ከሰሞኑ ደግሞ እህል በአፉ አልዞር አለ። ካልጠጣ እንደማይሰነብት ታውቃለች። ከአባታቸው ልጆች የቀሩት ደግሞ እነሱ ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ቅመስልኝ!»

«የመስቀል ወፍ ጓሯችን ሳትወርድ አልጠጣም» አለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «ልጅ ሆነን በጳጉሜ እዚያ ቁጭ ብለን እንጠብቃት አልነበር? እሷን ልይና ያልሽኝን እጠጣለሁ።»

ስንቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓሮ ወጣች። ወፏ የጎረቤት ዛፍ ላይ ተቀምጣለች። «ወፊት፣ ውረጅ። ወፍ ካልወረደች ጋሼ አይጠጣም።»

«ቢራቢሮ ሳይነሳ ወርጄ ከማን ጋር ልጫወት?» አለች ወፏ።

ቢራቢሮውን ከጌሾው ቅጠል ሥር አገኘችው። «ቢራቢሮ፣ ተነስ። ቢራቢሮ ካልተነሳ ወፍ አትወርድም፤ ወፍ ካልወረደች ጋሼ አይጠጣም።»

«አደይ ሳታብብ? ባዶ ቤት በእንግድነት አልሄድም» አለ ቢራቢሮ። ኩሩ ነው።

አደይ አጥሩ ሥር እንቡጧን ጨብጣ ቆማለች። «አደይ፣ አብቢ። አደይ ካላበበች ቢራቢሮ አይነሳም፤ ቢራቢሮ ካልተነሳ ወፍ አትወርድም፤ ወፍ ካልወረደች ጋሼ አይጠጣም።»

«ፀሐይ ሳትወጣ ማን ሊያየኝ?» አለች አደይ። እሷም መታየት ትወዳለች።

ስንቅነሽ ወገቧን ይዛ ወደ ላይ አንጋጠጠች። «ፀሐይ፣ ውጪ። ፀሐይ ካልወጣች አደይ አታብብም፤ አደይ ካላበበች ቢራቢሮ አይነሳም፤ ቢራቢሮ ካልተነሳ ወፍ አትወርድም፤ ወፍ ካልወረደች ጋሼ አይጠጣም።»

«ደመና ሳይሄድ በየት በኩል?» አለች ፀሐይ ከማዶ።

«ደመና፣ እባክህ ሂድ! ደመና ካልሄደ ፀሐይ አትወጣም፤ ፀሐይ ካልወጣች አደይ አታብብም፤ አደይ ካላበበች ቢራቢሮ አይነሳም፤ ቢራቢሮ ካልተነሳ ወፍ አትወርድም፤ ወፍ ካልወረደች ጋሼ አይጠጣም!»

ደመናው አጉረመረመ። «ዛሬ ቀኑ ምንድነው?»

«ሩፋኤል።»

«በሩፋኤል ዝናቤ ስንቱ ልጅ የታጠበበት ጓሮ አይደለም? ራቁታቸውን እየዘለሉ ‹ሩፋኤል አሳድገኝ!› ሲሉ ደስ ብሎኝ አፈስና እሄድ ነበር። አሁን ገና ሳንጠባጥብ ሁሉም በሩን ይዘጋል። የሚታጠብልኝ ሰው ካላገኘሁ አልሄድም።»

ስንቅነሽ ጓሮውን ግራና ቀኝ አየችው። ያ ሁሉ የልጅ ጫጫታ የት ሄደ? ወንድሞቿ፣ እህቶቿ፣ የጎረቤቱ ልጆች ሁሉ ናፈቋት። ከዚያ «እንግዲህ ይሁና!» ብላ ነጠላዋን አጥሩ ላይ ጣለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ሽበቷን ፈታች።

«ሩፋኤል አሳድገኝ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ዕድሜዋ ወዴት እንደምታድግ እሷ ትወቀው!

ደመናው እስኪበቃው ሳቀ፤ ዝናቡንም አወረደባት። ደመና ሄደ፤ ደመና ቢሄድ ፀሐይ ወጣች፤ ፀሐይ ብትወጣ አደይ አበበች፤ አደይ ብታብብ ቢራቢሮ ተነሳ፤ ቢራቢሮ ቢነሳ ወፍ ወረደች።

ስንቅነሽ ውሃ እያንጠባጠበች ኩባያውን ይዛ ገባች። ጋሼ ግን ወፏን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው።

«ስንቄ፣ ቶሎ ጸጉርሽን አድርቂ» አላት። «እማዬ ካየችሽ ሁለታችንንም ነው የምትገርፈን።»

እማዬ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ስንቅነሽ ግን አላረመችውም።

«አንተ ካልነገርክብኝ ከየት ታውቃለች?»

«በይ እንግዲያው፣ አልናገርም» አለና ኩባያውን ተቀብሎ አጥሚቱን ጭልጥ አደረገው።

ተረቴ አለቀ። ለእኔ ብላችሁ የያዛችሁት ዳቦ ካለ ለጋሼ ስጡልኝ፤ መብላት ገና መጀመሩ ነው።