ጥርኝ ዘፋኝ ስትቀጥር

ተረት ተረት፤ እኔ ልናገር፣ እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ጥርኝ ከወንዝ ዳር ሱቅ ከፍታ ዝባድ ትሸጥ ነበር። ሽቶዋ መልካም ሆኖ ሳለ መንገደኛው ሳያያት ያልፍ ነበር። «ክረምት ሳይገባ ገበያ ካላገኘሁ ሱቁን መዝጋቴ ነው። እኔ የማውቀው መቀመም እንጂ መዝፈን አይደለም፤ ዘፋኝ እቀጥራለሁ» አለችና አስነገረች።

መጀመሪያ ዝንጀሮ አርባ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ።

«እኛ ከዘፈንን ተራራው ይንቀጠቀጣል» አላት።

«ስለ ሽቶዬ ምን ብላችሁ ትዘፍናላችሁ?»

«እሱ አያሳስብሽ። ለአንበሳ ንግሥ የዘፈንነው አለ፤ ስምሽን እናስገባበታለን።»

ጥርኝ አመስግና ሸኘችው።

ቀጥላ ዋኔ ብቻዋን መጣች። «እመት ጥርኝ፣ እስቲ መጀመሪያ ላሽትተው» አለች። አሽትታም፣ «ባለፈው የገዛሽ ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ሚዳቋ ናት፤ ለሙሽራ ልጇ።»

ዋኔ በርራ ሄዳ ሚዳቋ ዘንድ ዋለች። ስትመለስም፣ «ሚዳቋ ‹ልጄን ሳቅፋት እናቴን እናቴን ሸተተችኝ› አለችኝ። ይህንኑ እዘፍነዋለሁ» አለች።

ጥርኝ ሁለቴ አላሰበችም። «በይ ነገውኑ ጀምሪ» አለቻት።

በማግስቱ ዋኔ ከሾላው ዛፍ ላይ ሆና በለስላሳ ድምጿ ዘፈነች። መንገደኛው ቆም አለ፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። ሳምንት ሳይሞላ ከሱቁ ደጃፍ ሰልፍ ሆነ። ዝንጀሮም ተሰልፎ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእናቴ ነው» አላት።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ለጉሮሮዬ ውሃ አቀብሉኝ።