መስመሩን ያጣው አሊጋዝ

ቀረብ በሉ። አንተ፣ ያንን ስልክ አስቀምጥና ስማኝ፤ ሁለቴ አልናገርም።

ያኔ ነው፤ ሰንበሌጥ ከተማችን አንድ ረድፍ ቤት ብቻ ሳለች፣ አስፋልት የሚባል ነገር ሳይደርስባት። በዓመት አንድ ቀን፣ በጥቅምት፣ ብስክሌተኞች ከቆላው ከገረንጋ ተነስተው፣ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነድተው እኛ ዘንድ ይገቡ ነበር። የገባ ሁሉ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ያልገባ አይጠራም።

በዚያ ዘመን አሊጋዝ የሚባል ብስክሌተኛ ነበር። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው። እናት አባቱን በልጅነቱ ቀብሯል፤ እህት የለው፣ ወንድም የለው። በሄደበት «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት፤ ስሙን የሚጠራው አልነበረም። ታዲያ አንድ ነገር ይመኝ ነበር፤ ሰንበሌጥ ገብቶ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሙ ሲጠራ መስማት። ላሸንፍ አላለም። ልግባ ነው ያለው።

ግን በክለቡ ውስጥ አጃቢ ነበር። አጃቢ ማለት ለአለቃው የሚነዳ ነው። ነፋስ ይከላከልለታል፣ ውሃ ያቀብለዋል፣ የአለቃው ጎማ ከተነፈሰ የራሱን ነቅሎ ይሰጠዋል። የአሊጋዝ አለቃ ደምስ ይባላል።

በመጀመሪያው ዓመት መንገድ ላይ ካለው ድልድይ ጋ የደምስ ጎማ ተነፈሰ። አሊጋዝ ወረደ፣ ጎማውን ነቀለ፣ ሰጠ። ደምስ ሄደ። አሊጋዝ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከኋላ የቀረውን የምትለቅም አንዲት የጭነት መኪና ነበረች፤ እሷ አነሳችው። ደምስ አሸነፈ። የአሊጋዝ ስም አልተጠራም።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሰንበሌጥ የሚያስገባው ዳገት መሀል ደምስን ውሃ ጠማው። አሊጋዝ ዳገቱን ተመልሶ ወረደ፣ ከግርጌው ምንጭ ቀዳ፣ እንደገና ወጣ፣ ሰጠ። ደምስ ጠጣና ሄደ። የአሊጋዝ እግር ግን እምቢ አለ። ያችው መኪና አነሳችው። ስሙ አልተጠራም። ደምስ ዋንጫውን ሲስም እሱ ከመኪናዋ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። አንጀቴን በላው። እንዴት አየህ አትሉኝም? ሹፌሩ እኔ ነበርኩ እኮ!

በሦስተኛው ዓመት ደምስ ገና ከገረንጋ ሳይርቅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። «ዛሬ ለራስህ ንዳ» አለው አሊጋዝን። ነዳ። ድልድዩን አለፈ። ዳገቱ ላይ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ብቻውን በድንጋይ እየቀጠቀጠ ቀጠለው፤ ሁሉም አለፉት። ዝናብ መጣ። እኔ ስደርስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይነዳል።

«ና ውጣ» አልኩት።

«አይ አያ ሙሄ፤ ዛሬስ እገባለሁ።»

«ሰው ሁሉ ገብቷል እኮ! ማንን ልታሸንፍ ነው?»

«ማንንም። ስሜን ብቻ እንዲጠሩልኝ ነው። እንዲጠብቁኝ ንገርልኝ።»

«እሺ» አልኩት። አዎ፣ በዚህ አፌ እሺ ብያለሁ። ብዬም አልፌው ነዳሁ።

በእኛ ደንብ ያች መኪና ከገባች ውድድሩ አለቀ፤ ከኋላዋ ሰው የለም ማለት ነው። ሰንበሌጥ ስደርስ ርቦኛል፣ በርዶኛል፣ ለግብዣው ከተጣለው ዳስ የወጥ ሽታ ይጣራል። ዳኛው፣ «ሙሄ፣ ከኋላህ ሰው አለ?» አለኝ። አለ ብል ሕዝቡ ዝናብ ላይ ሊቆም ነው፤ እኔም አብሬ። «የለም፤ ጠቅልሉት» አልኩ። አፌን በቆረጠኝ! ስሞቹ ተጠሩ። የመጨረሻውን መስመር የሚያሳየው ጨርቅ ተጠቀለለ፣ መሬት ላይ የተሰመረውን ኖራ ዝናቡ አጠበው፣ ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ ገባ።

አሊጋዝ ደረሰ። ያየችው አንዲት ቆሎ ሻጭ ብቻ ናት፤ እትዬ ዘምዘም።

«እማማ፣ መጨረሻው የት ነው?» አላት።

ግራ ቀኝ አየች። ጨርቅ የለ፣ ሰው የለ። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ቅድም ሰዎች ነበሩ» አለችው።

መጨረሻውን ያላየ ሰው የት ይቁም? ነዳ። የመጨረሻውን ቤት አለፈ፤ በወዲያ በኩል ያለውን ቁልቁለት ወረደ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሳምንት ሙሉ ፈለግነው። የጎማው ፋና ጭቃው ላይ አለ፤ ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ጠፋ። አንዳንዱ ቆላ ወርዶ አግብቷል ይላል። አንዳንዱ አሁንም እየነዳ ነው ይላል። እኔ አላውቅም። የማውቀው ብቻውን መሄዱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰንበሌጥ ውስጥ ጨርቁ ዝም ብሎ አይጠቀለልም። ዝናብም ቢሆን ሕዝቡ ይቆማል። አንድ ሰው መስመሩ ላይ ይወጣና ወደ ዳገቱ ዞሮ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ «አሊጋዝ! አሊጋዝ! አሊጋዝ!» ከዚያ እንጠብቃለን። መልስ ሲጠፋ ነው የሚጠቀለለው። በሠርጉም በተዝካሩም ማዕድ ከመነሳቱ በፊት «አሊጋዝ ገብቷል?» የምንባባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ካለ ድርሻው ይቀመጥለታል።

አርባ ዓመት የተጣራሁት እኔ ነኝ። «ማይክሮፎን የያዘው ይጥራው፣ አንተ እረፍ» ይሉኛል። አይሆንም! የለም ያለው የእኔ አፍ ነው። ዘንድሮ ግን ሁለቴ ጠርቼ ሦስተኛው ላይ ድምፄ ከዳኝ፤ ሕዝቡም ቆሞ ጠበቀኝ፣ አልወጣልኝም።

እስቲ አሁን ንገሩኝ፤ ለከርሞ አሊጋዝን የሚጠራው ማናችሁ ነው?