የአያ ፈንታሁን ቁንጥር ሰጋቱራ

እኛ ዘንድ ሰው ሰበብ እየፈጠረ ወዳጁን ሲያመላልስ አንዲት ቃል ጣል ትደረግበታለች። ሰሚው ሁሉ ይስቃል። መነሻዋን ቢያውቅ ግን እንጃ፣ መሳቁን!

አያ ፈንታሁን በመንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ሞተር የሚጠግን ሰው ነበረ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ሴቶች ልጆቹም ተድረው ርቀዋል። መንገደኛው «እንደምን ዋልክ» ይለውና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ብቸኝነት ክፉ ነው እናንተዬ፤ ሰውየው ከመፍቻው ጋር ማውራት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ይሁኔ የሚባል ግንድ ሰንጣቂ የሞተር መጋዙን ተሸክሞ መጣ።

«አያ ፈንታሁን፣ ይነሣልኝና እንጨት ላይ ሳሳርፈው ድርግም ይላል።»

ፈንታሁን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈታ። ቤንዚን የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ በሰጋቱራ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ጎረጎራት፣ በቤንዚን አጠባት፣ በአፉ እፍ አለባት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ እሱ ግን እስከ ቀትር ጎተተው። ይሁኔ ጨዋታ አዋቂ ነውና ስለ አማቱ አህያ ሲያወራ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ይሁኔ ሲሄድ ቤቷ ጭር አለች። ፈንታሁን የተረፈውን ቆሎ ብቻውን መቆርጠም አቃተው።

ይሁኔ በሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ፈንታሁን ካርቡሬተሩን አጽድቶ ሊገጥም ሲል እጁ ከመጋዙ ወደ ረገፈው ሰጋቱራ ሄደ። ቁንጥር አነሣና ካርቡሬተሩ ውስጥ ጨመረ። «ቀስ እያለ ቀዳዳዋን እስኪደፍን ሳምንት ይሠራለታል፤ ከዚያ ይመጣል። ማን ተጎዳ?» አለ በሆዱ። ሰው ራሱን ሲያታልል ዳኛም ምስክርም አያስፈልገው!

እውነትም በሳምንቱ መጣ። ደግሞም መጣ። የይሁኔ ጨዋታ እያነሰ፣ ፊቱም እየጠቆረ ሄደ፤ ፈንታሁን ግን ይህን ማየት አልፈለገም።

በአምስተኛው ጊዜ ይሁኔ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ መጣና ቆሞ ቀረ።

«አያ ፈንታሁን፣ ይህ መጋዝ በቃው። ሥራ የሰጡኝ ሁሉ ሌላ ሰንጣቂ ጠሩ። ልሸጠውና መተከል ወርጄ የቀን ሥራ ልፈልግ ነው። ልሰናበትህ ነው የመጣሁ።»

ፈንታሁን ክው አለ። ጆንያውን ከእጁ ነጥቆ ካርቡሬተሩን ፈታ። ጎረጎረ፣ አጠበ፣ ነፋ፣ መልሶ ገጠመ። ጎረቤቱ እማማ ጥሩአለም ደጃፍ ላይ ቆመው ያያሉ። ገመዱን አንዴ ቢስበው መጋዙ አጓራ።

«ዛሬ ምን አገኘህበት?» አለ ይሁኔ ተገርሞ።

«ያስገባሁትን አወጣሁ።»

«ምን አልክ?»

«መጋዙን በሰጋቱራ የምደፍነው እኔ ነኝ፣ ይሁኔ። አንተ ስትሄድ ቤቱ ይበላኛል። እንድትመለስልኝ ብዬ ነው።»

ይሁኔ ጆንያውን አነሣ። «ልጆቼ ጦማቸውን ሲያድሩ፣ እኔ ‹አያ ፈንታሁን ባይኖር ምን እሆን ነበር› እያልኩ አመሰግንህ ነበር» አለና መጋዙን ተሸክሞ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ከዳገቱ ላይ የመጋዙ ድምፅ ይሰማ ጀመር። መተከል መሄዱ ቀርቷል። ፈንታሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። በማግስቱም፣ በወሩም ድምፁ አልተቋረጠም። ለይሁኔ ደስ አለው፤ ከእንግዲህ የሚያመጣው ጉዳይ እንደሌለ ሲያስብ ግን ዳግመኛ ከመፍቻው ጋር ማውራት ጀመረ።

እማማ ጥሩአለም አላስችል ብሏቸው መጡ።

«የይሁኔ ቤት ሩቅ ነው?»

«ኧረ ከወንዙ ማዶ ነው።»

«አንድ ቀን እንኳ ‹እሑድ ና፣ እንጫወት› ብለኸው ታውቃለህ?»

«የለም፣ እማማ። ሥራ ያለው ሰው ነው፣ ምን ብዬ ላስቸግረው ብዬ...»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና «አዬ ልጄ! የናፈቀህን ጥራው እንጂ መጋዙን አትድፈነው» አሉት። ያቺ ጣል የምትደረገው ቃል እንግዲህ ይቺ ናት።