ለትርሲት፣ የትኛውን ማንበቢያ ልግዛ ላለችኝ

አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበረ። ከአገር አገር ጨው ጭኖ የሚዞር፣ ዕድሜውን በቅሎ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በቅሎዋ መንገዱን ስትይዝ፣ እሱም ከአንገቱ ያንጠለጠላትን ትንሽ ዳዊት ከማኅደሯ አውጥቶ የዕለቱን ይደግማል። አባቱ ሲሞት «በየቀኑ ዳዊት እየደገምክ አስበኝ» ብሎ አደራ ጥሎበት ስለነበር፣ አንድም ቀን አስታጉሎ አያውቅም።

ዕድሜው ሲገፋ ዓይኑ ደከመ፤ የትንሿ ዳዊት ፊደል እየተደባለቀ አስቸገረው። ስለዚህ አዲስ ሊያጽፍ ወደ አንድ የብራና ጸሐፊ ሄደ።

ጸሐፊው «የት ሆነው ነው የሚደግሙት ጌታዬ?» አለው።

ነጋዴው ተቆጣ። «እሱ ምን አገባህ? ደብሩ ውስጥ አትሮንስ ላይ የሚነበበውን አይተኸዋል? እሱን የሚያህል ጻፍልኝ። ከማን አንሼ!»

ጸሐፊው ጻፈ። እውነት ለመናገር ግሩም ሥራ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየው፣ አደነቀው። ነገር ግን መጽሐፉ ለማንሳት ጉልበት፣ ለመግለጥ አትሮንስ ይጠይቃል። በቅሎ ላይ ማን ይገልጠዋል? ሰውየው «ስመለስ እደግማለሁ» ብሎ ይወጣል፣ ሲመለስ ደክሞት ይተኛል። እንዲህ እያለ ክረምቱ አለፈ።

አንድ ቀን ሚስቱ የመጽሐፉን አቧራ ስታራግፍ፣ «ይሄ ሳይመጣ እኮ ዳዊት ይደግሙ ነበር» አለችው።

ሰውየው አባቱን አሰበና አፈረ፤ አለቀሰም። በማግስቱ ትልቁን መጽሐፍ አሸክሞ ለደብሩ ሰጠ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ሄደና ሳይጠየቅ ተናገረ፦ «የምደግመው በቅሎ ላይ ነው። አንድ እጄ ልጓም ይይዛል። ዓይኔም ደክሟል።»

ጸሐፊው ደስ አለው። ፊደሉን አጉልቶ፣ መጽሐፉን መዳፍ አሳክሎ ጻፈለት፤ እንዳይወፍርበትም ለሁለት ከፈለው። ጌጥ የሚባል አልነበረውም። ነጋዴው እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አላስታጎለም።

እንግዲህ ትርሲት፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ጠይቀሽኛል። ያ ያሳየሽኝ ሰፊው፣ ባለ ብዕሩ፣ ያምራል፤ አልዋሽሽም። አንቺ ግን የምታነቢው አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ፣ በአንድ እጅሽ ብረቱን ይዘሽ ነው። ካዋስኩሽ መጽሐፍ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አስምረሽ አታውቂም፤ ብዕሩ ምን ያደርግልሻል? በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ፊደሉ የሚጎላ፣ ፀሐይ ላይ የማያብረቀርቅ ይበቃሻል። ሰፊውን ከገዛሽ እንዳይሰበር እያልሽ ቤት ትተሽው ትወጫለሽ። ያን ጊዜ አንቺ ማንበብሽን ታቆሚያለሽ፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ያነበብሽውን የምታጫውቺኝን ጨዋታ አጣለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ የምመክርሽ ለራሴም ብዬ ነው።