የጅረቱ ሚዶ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «ይፍሰስ፣ ይፍሰስ» በሉኝ።

ጥላ በበዛበት አገር ይሉኝታ የሚያጠቃው አንድ ጅረት ነበር። በጉያው ባለ ድንጋይ ላይ ውሃ ውስጥ የምትበቅለው እትዬ አልጌ ትኖራለች፤ አረንጓዴ ጠጉሯን ከነፍሷ አብልጣ የምትወድ። ጅረቱ ባለፈ ቁጥር ጠጉሯን እንደ ሚዶ ያበጥርላታል፤ የተነቀለውንም ይዞት ይሄዳል።

አንድ ቀን፣ «አያ ጅረት፣ እባክህ ቀስ በል፤ ጠጉሬን ጨረስከው እኮ!» አለችው።

«ኧረ እኔን! እንዳልሽ ይሁን፣ እትዬ» አለና ዝግ አለ።

ጠጉሯም ረዘመ፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ተሻገረ፤ ውሃውን አልብሶ ፀሐይን ጋረደ። ውሃው ለብ አለ፤ ከሥር ያለው ሁሉ በአረንጓዴ ሕልም ውስጥ የሚንሳፈፍ መሰለ።

የልቡን የማይደብቀው ዓሣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ፣ «አያ ጅረት፣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ኧረ ትንሽ ፍጠን!» አለው።

«ደስ ባለኝ፤ ግን እሷን ምን ብዬ ላስቀይማት?» አለ ጅረቱ እያዛጋ።

ዓሣው ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄደ።

ውሎ አድሮ እትዬ አልጌን መጥፎ ሽታ ሸተታት። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ብርሃን ያጣው የታችኛው ጠጉሯ እየበሰበሰ ነው። ደንግጣ፣ «አያ ጅረት፣ ድረስልኝ! ና አበጥረኝ፤ የፈለግከውን ያህል ንቀል!» ብላ ተጣራች።

ጅረቱ አልሰማትም። ከጠጉሯ ሥር ኩሬ ሆኖ ተኝቶ፣ ስለ ባሕር ያልማል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በወራጅ ውሃ አብሱልኝ።