አራት ነጥቧ አልመጣ አለች

የጎደለችው አንዲት አራት ነጥብ ናት።

ማመልከቻ ጸሐፊዋ እታፈራሁ ቁልፉን ከመታች ቆየች። አሮጌዋ ኮምፒውተሯ ግን ገና ሦስተኛውን መስመር ታላምጣለች። የዘወትር ደንበኛዋ እትዬ አስካለ አጠገቧ ይቁነጠነጣሉ። ጎረቤት በራቸው ላይ ግንብ እያቆመ ነው፤ ማመልከቻው ከምሳ በፊት ካልገባ መውጫ የላቸውም።

«እኔ ጋ ይምጡ እትዬ፣ የኔ ማሽን ይበራል!» አለ መኩሪያ፣ ከጎን ካለው ሱቅ።

«መብረሩንስ ይበራል፤ ማረፊያውን አያውቅም እንጂ» አለች እታፈራሁ።

ጽሑፉን በፍሎፒ አስቀመጠች። ማሽኗን አጠፋች። ዳንቴል እንደለበሰች የጎን ክዳኗን ከፈተች። «ነይ» አለቻት አራት ነጥብን።

«ፕሮሰሰሩ ካልፈጠነ አልመጣም።»

ከምናለሽ ተራ የገዛችውን ፈጣን ፕሮሰሰር ሰካች። «ፍጠን።»

«የማዘርቦርዱ ሰዓት ቶሎ ቶሎ ካልመታልኝ አልፈጥንም።»

ሰዓቱን ጠየቀች። «ጃምፐሯ፣ ያቺ ፍጥነት የምትመርጥ ሚጢጢ ቆብ፣ ካልተዛወረች አልመታም።»

ጃምፐሯን ያዘች። «ማራገቢያዋ ካልዞረች አልዛወርም፤ ሁላችንም እንቃጠላለን።» ጃምፐሯ አልዛወር፣ ሰዓቱ አልመታ፣ ፕሮሰሰሩ አልፈጥን፣ አራት ነጥቧም አልመጣ አለች።

ማራገቢያዋን በጣቷ ገፋች። «የዳንቴል ክር ጉሮሮዬ ውስጥ ነው፤ ካልወጣ አልዞርም።» ማራገቢያዋ አልዞር፣ ጃምፐሯ አልዛወር፣ ሰዓቱ አልመታ፣ ፕሮሰሰሩ አልፈጥን፣ አራት ነጥቧም አልመጣ አለች።

ዳንቴሉን ማን አለበሳት? «የሠሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፣ ያለበሱኝም እሳቸው» አለ ዳንቴሉ፤ «እሳቸው ካላነሡኝ አልነሣም።»

«ራቁቷን ላስቀምጣት?» አሉ እትዬ። «አቧራ ይግባባት? ማመልከቻዬ አራት ነጥቡን ሳያገኝ ንክች አላደርገውም!»

እትዬ አላነሣ፣ ዳንቴሉ አልነሣ፣ ማራገቢያዋ አልዞር፣ ጃምፐሯ አልዛወር፣ ሰዓቱ አልመታ፣ ፕሮሰሰሩ አልፈጥን፣ አራት ነጥቧም አልመጣ አለች። መኩሪያ ሳቀ።

እታፈራሁ አልሳቀችም። «እትዬ፣ ግንቡ በርዎን ሲደፍነው ምን ብለው ነው አቤት የሚሉት?»

«ታፈንኩ ነዋ!»

«እሷስ?»

እትዬ ጎንበስ አሉ። ማሽኗን አዩ። ዳንቴሉን አዩ።

«ውይ፣ ልጄን!» ብለው ክሩን ቀስ እያሉ መዘዙ።

ዳንቴሉ ተነሣ፣ ማራገቢያዋ ዞረች፣ ጃምፐሯ ተዛወረች። ማሽኗ በራች። ሰዓቱ ቶሎ ቶሎ መታ፣ ፕሮሰሰሩ ፈጠነ፣ አራት ነጥቧም ጣት ከቁልፉ ሳይነሣ ከች!

እትዬ የታተመውን ማመልከቻ በዳንቴሉ ጠቅልለው ወደ ክፍለ ከተማ ሮጡ።

«ዳንቴሉስ?» አለ መኩሪያ።

«ስትተኛ አለብሳታለሁ!» አሉ እትዬ፣ ከመንገዱ ማዶ።