በሾላ ፍሬ የተማረች ጦጣ

ተረት አለኝ፣ ሰሚ ካለኝ።

አራዊት ልጆቻቸውን ስሌት በሚያስተምሩበት ዘመን፣ አንዲት ትንሽ ጦጣ ማባዛት አልገባ ብሏት ነበር። የትምህርት ቤቱ አለቃ የነበረው ቁጡ ዝንጀሮ «ዛሬም ካልገባት ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ሲል ፈረደ።

ታጋሹ መምህር የኔታ ዝሆን ግን ጦጣዋን ወደ ሾላ ዛፍ ወሰዷት። አንድ የበሰለ ፍሬ አውርደውም «ልጄ፣ ክፈችውና ዘሩን ቁጠሪ» አሏት። ዝንጀሮውም ሊታዘብ ተከተላቸው።

ጦጣዋ ፍሬውን ለሁለት ከፈለችው። ዘሩ እንደ አሸዋ የደቀቀና የበዛ ነበርና ቆጥራ መጨረስ ተሳናት።

ዝንጀሮው «አላልኩዎትም፣ የኔታ? ይህች እንኳንስ ማባዛት መቁጠርም አልሆነላት» አለ።

ጦጣዋ ዓይኗን ከፍሬው ሳትነቅል መለሰችለት፤ «ጋሼ ዝንጀሮ፣ እያንዳንዱ ዘር ዛፍ ይሆናል። እያንዳንዱም ዛፍ በየቅርንጫፉ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል። ዘሩን በፍሬው፣ ያንንም እንደገና በዘሩ ባባዛው፣ በእጄ የያዝኩት ጫካ ነው። ታዲያ የት ላይ ላቁም?»

ዝንጀሮው ግማሹን ፍሬ ተቀብሎ ሊጎርስ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ፍሬውን በመዳፉ እንደያዘ ቀና ብሎ ዛፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ በጠዋት ትምጣ» አለ።